ቴርሞስታት በሀዋሳ ቤት ውስጥ ገንዘብ ይቆጥባልን?



የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ሙቀትን በዲግሪና በሰዓት ራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ገዝተን ብናስገጥም የመብራት ሒሳባችን ይቀንሳልን? ጥያቄው ክረምቱ በረዶ ከሆነበት አገር የመጣ ነው። እዚያ ቤትን ማሞቅ ከቤተሰብ ወጪዎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ስለሆነ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከራክረውበታል። እኛ ግን ቤታችንን አናሞቅም። ታዲያ ለምን እዚህ ይነሣል? ምክንያቱ በየቤታችሁ የምትቀበሉት ደረሰኝ ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ደረጃ በደረጃ ጨመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመታት እንዲጨምር ተወሰነ። መብራት እንደ አየር በነፃ የሚገኝ በሚመስልበት ዘመን ማንም ቦይለሩ ለምን ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበራ አይጠይቅም ነበር። አሁን ይጠይቃል። በገበያው ውስጥም መልስ አለን የሚሉ ነጋዴዎች በዝተዋል። ስለዚህ መልሱን ከሻጩ አንደበት ከመስማታችን በፊት ራሳችን ልናሰላው ይገባል።

በመጀመሪያ ቴርሞስታት ማለት ምን እንደሆነ እንስማማ። ቃሉ እንግዳ ቢመስልም መሣሪያው በየቤታችን አለ። ካውያችን ውስጥ አለ፤ ልብስ ስንተኩስ በየመሐሉ ቀጭ እያለ ትንሿን መብራት የሚያጠፋውና የሚያበራው እሱ ነው። ፍሪጃችን ውስጥ አለ፤ ቦይለራችን ውስጥም አለ። ሥራው አንድ ብቻ ነው። የተወሰነው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኃይሉን ይቆርጣል፣ ከዚያ ሲወርድ መልሶ ያገናኛል። ፕሮግራም የሚቀበለው ዐይነት በዚህ ላይ ሰዓት ይጨምራል፦ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይህን ያህል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ያህል እያለ። እኛ ዘንድ ታይመር የምንለው ደግሞ ዲግሪ የማያውቅ፣ ሰዓት ብቻ የሚያውቅ ታናሽ ወንድሙ ነው።

ስለዚህ ቀላል መሣሪያ ያለን አስተሳሰብ ግን ቀላል አይደለም። ዊሌት ኬምፕተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተራ ሰዎች ስለ ቴርሞስታት ሁለት ዐይነት እምነት እንዳላቸው አሳይቷል። አንዳንዶቹ መሣሪያውን ከላይ እንደገለጽሁት ይረዱታል። ሌሎቹ ግን እንደ ቧንቧ ይቆጥሩታል፤ ብዙ ከከፈቱት ብዙ ሙቀት የሚፈስስ ይመስላቸዋል። ይህ ሁለተኛው እምነት በእኛም ቤት ይኖራል። እስኪ አስተውሉ፤ የቸኮለ ሰው ካውያውን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ካውያው ግን ቶሎ አይግልለትም። የሚግልበት ፍጥነት በውስጡ ባለው ሽቦ ኃይል የተወሰነ ስለሆነ፣ ያ ሰው ያተረፈው ከሚፈልገው ሙቀት ማለፍን ብቻ ነው። ቢሮ ገብቶ ኤሲውን 16 ዲግሪ ላይ የሚያደርገው ሰውም ያው ነው። ብዙዎቹ ኤሲዎች 16ም ተባሉ 24 መጀመሪያ ላይ በሙሉ ኃይላቸው ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ክፍሉ በቂ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሰውየው ኮቱን ሲደርብ መሣሪያው ግን ሥራውን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ጥያቄው የትውልድ አገር ልውሰዳችሁ። አልበርት ባትዝ የተባለ ሰው የምድጃን የአየር መግቢያ እንደ ክፍሉ ሙቀት የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ በሚኒያፖሊስ ከተማ የፈለሰፈው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዚያች ከተማና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ የአገራችን ልጆች ይኖራሉ። ምናልባት ከመካከላችሁ የወንድሙን ወይም የእኅቱን የማሞቂያ ወጪ ምሬት በስልክ የሰማ ይኖራል። እዚያ የሚነሣው ክርክር እንዲህ ነው። አንዱ፣ ከቤት ስወጣ ማሞቂያውን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ስመለስ ከፍ አደርገዋለሁ ይላል። ሌላው፣ የቀዘቀዘውን ቤት እንደገና ማሞቅ የበለጠ ይፈጃል፣ ባለበት መተው ይሻላል ይላል።

ፊዚክስ ለፊተኛው ይፈርዳል። ከታች ቀዳዳ ያለው እንስራ አስቡ። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ከቀዳዳው የሚወጣው ይበረታል፣ ዝቅ ሲል ይለዝባል። እንስራውን ቀኑን ሙሉ አፉ ድረስ ሞልቶ ለማቆየት የሚያስፈልገው ውሃ፣ እንዲጎድል ትቶ ማታ እንደገና ለመሙላት ከሚያስፈልገው ሁልጊዜ ይበልጣል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ከቤት የሚወጣው ሙቀት በውስጥና በውጭ መካከል ካለው የዲግሪ ልዩነት ጋር አብሮ ያድጋል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በቀን ለ8 ሰዓታት ሙቀቱን ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ያህል ያወረደ ቤተሰብ በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ እንደሚችል ይገምታል። ከዚህ ደንብ የሚወጡ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በሙቀት ፓምፕ የሚሞቅ ቤት በችኮላ ሲሞቅ ውድ የሆነው ረዳት ማሞቂያ ሊነሣ ይችላል። ለእኛ ግን ይህ አያሳስበንም።

እንግዲህ ፊዚክሱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ክርክሩ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። የአሜሪካ መንግሥት «ኢነርጂ ስታር» የተባለውን የቁጠባ ምልክት በ1995 እ.ኤ.አ. ፕሮግራም ለሚቀበሉ ቴርሞስታቶች መስጠት ጀመረ። በ2009 መጨረሻ ግን ምልክቱን አነሣ። መሣሪያዎቹ ተበላሽተው አይደለም፤ በቤቶች ውስጥ በተግባር ሲለካ የተባለው ቁጠባ ሊታይ ስላልቻለ ነው። ከዚያ በኋላ አለን ሜየርና ባልደረቦቹ ሰዎች መሣሪያውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት መረመሩ። ከተጠየቁት ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ለሥራ ቀንም ሆነ ለዕረፍት ቀን ፕሮግራሙን እምብዛም ወይም ፈጽሞ እንደማያስተካክሉ ተናገሩ። መሣሪያዎቹ ፎቶ ሲነሡ 20 በመቶዎቹ የተሳሳተ ሰዓት ያሳዩ ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ፕሮግራሙ ታግዶ በአንድ ሙቀት ላይ ቆመው ተገኙ። ሰዓቱን የማያውቅ መሣሪያ በሰዓት እንዲሠራ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ከስልክ ጋር የሚገናኙትና የባለቤታቸውን ልማድ ራሳቸው ይማራሉ የተባሉት አዳዲሶቹስ? በ2017 እ.ኤ.አ. ምልክቱ ለእነዚህ ተመልሶ ተሰጠ፤ በዚህኛው ዙር ግን አምራቹ ከእውነተኛ ቤቶች የተሰበሰበ መረጃ እንዲያቀርብ ተገደደ። ያም ሆኖ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ሊስት የተሳተፈበትና በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ የመስክ ሙከራ፣ ዘመናዊውን ቴርሞስታት ያገኙ ቤተሰቦች ካላገኙት ያነሰ ኃይል እንደተጠቀሙ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ሰዎቹ መሣሪያው ያዘጋጀላቸውን ቆጣቢ ፕሮግራም በእጃቸው እየሻሩት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ሐሳብ ነው፤ የቀረው ንግግሬም በእሱ ላይ ይቆማል። መሣሪያው ገንዘብ የሚቆጥበው ቀድሞ ሰው ያልሠራውን ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው። ከቤት ስትወጣ ሁሉን አጥፍታ የምትወጣ ሴት ዘንድ ታይመር ቢገጠም የሚቆጥበው ነገር የለም፤ እርሷ ራሷ ታይመር ነበረች። የረሳ ሰው ዘንድ ቢገጠም ይቆጥባል። ረስቶ ብቻ ሳይሆን ሰነፍ ከሆነ ግን የመሣሪያውን ሰዓትም አያስተካክልም። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመርበታል። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ባትሪ የሌለው ታይመር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንዲበራ የታዘዘው ቦይለር ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቡ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ሲበራ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ሀዋሳ ቤት እንግባ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ይወጣል፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለ አየር ለታደለ ሕዝብ ቤትን በማሽን ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ቤቱ ራሱ ሲበድለው ነው። በዳዩም ጣራው ነው። በበጋ ፀሐይ የቆርቆሮ ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከአናቱ ላይ ምድጃ እንደተሰቀለ ይቁጠረው። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መካከል ሙቀት የሚከለክል ነገር ማስገባትና አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተው ከማንኛውም ቴርሞስታት ይልቅ ይጠቅማል። መስኮትን ሌሊት ከፍቶ ቀን መዝጋትም እንዲሁ። እርግጥ በሐይቅ ዳር ከተማ ሌሊት መስኮት ክፈቱ ብሎ መምከር የወባ ትንኝን እንደ መጋበዝ ስለሆነ፣ ምክሩ በመስኮቱ ላይ ወንፊት ከመግጠም ጋር ብቻ የሚሰጥ ነው።

ኤሲ ላላቸው ቢሮዎችና ሆቴሎች ግን አንድ ነገር ልበል። የእኛ አየር ለዘብተኛ በመሆኑ እያንዳንዱ ዲግሪ ትልቅ ድርሻ አለው። ውጭው 29 ሆኖ ክፍሉን 24 ላይ ብናቆየው ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነው። 20 ላይ ብናደርገው ልዩነቱ 9 ይሆናል፤ በግድግዳና በመስኮት በኩል የሚገባው ሙቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ፀሐዩና ሰዎቹ የሚያመጡት ሙቀት ስላለ ሒሳቡ በሙሉ እጥፍ አይሆንም፤ ነገር ግን ውጭው 45 ዲግሪ በሆነበት አገር 4 ዲግሪ የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ በመጠን ሲታይ በጣም ያነሰ ነው። ባዶ የስብሰባ አዳራሽ ሲቀዘቅዝ ማደሩን የሚያስቀር ታይመር እዚህ ላይ ዋጋውን በፍጥነት ይመልሳል። እንደ አዳራሽ ያለ ባለቤት የሌለው ክፍል ሁልጊዜ የተረሳ ነውና።

በመኖሪያ ቤት ግን ሙቀት ማለት ሁለት ነገር ነው፦ ቦይለርና ምጣድ።

ከቦይለሩ እንጀምር። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። 1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ ካለው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ማንም ሳይነካው ሙቀቱን ጠብቆ እንዲቆይ ደግሞ በግድግዳው የሚያመልጠውን መተካት አለበት። መካከለኛ ሽፋን ላለው ቦይለር ይህን 50 ዋት ብለን እንውሰድ፤ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 36 ይሆናል።

ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ማታ ሲተኙ የሞላውንና የጋለውን ቦይለር አጥፍተው ጠዋት ማብራት ነው። ይህ ምን ያህል ይቆጥባል? በ10 ሰዓት ውስጥ ውሃው ከ60 ወደ 52 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በርቶ ቢያድር 0.5 ኪሎዋት ሰዓት ያመልጠው ነበር፤ ጠፍቶ ሲያድር 0.45 ያመልጠዋል። ትርፉ 0.05 ነው። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2016 መጨረሻ በሠራው ታሪፍ ከፍተኛው የመኖሪያ ቤት ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.4810 ብር ነበር። በዚህ ሒሳብ የአንድ ሌሊት ትርፍ 12 ሳንቲም፣ የወሩ ከ4 ብር በታች ነው። ዛሬ በሚከፈለው ቢታሰብ ከፍ ይላል፤ ግን ታይመር አይገዛም።

አሁን ሁኔታውን በአንድ ነገር ብቻ እንለውጠው። ቤተሰቡ የሚታጠበው ጠዋት ብቻ ነው እንበል። ታይመሩ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያበራል፣ 12 ሰዓት ላይ ያጠፋል። ሰዎቹ የሞቀውን ውሃ ጨርሰው ይወጣሉ፤ በቦታው ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፣ ያም እስከሚቀጥለው ሌሊት ሳይሞቅ ይቆያል። ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት አያመልጠውም። እዚህ ላይ ከ1.2ቱ 0.8 ያህሉ ይቀራል፤ በወር 24 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዚያው በቀድሞው ታሪፍ ወደ 60 ብር። መሣሪያው ያው፣ ቦይለሩ ያው፤ ትርፉ ግን ከ4 ብር ወደ 60 ብር ዘለለ። ልዩነቱን የፈጠረው ቦይለሩ የሚጠፋው ሞልቶ ግሎ ሳለ ነው ወይስ ባዶ ሆኖ ቀዝቅዞ ሳለ የሚለው ነው። ጠዋትም ማታም የሚታጠብ ቤተሰብ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ከዚህ ስሌት ሻጮች የማይነግሩን አንድ ነገር ይወጣል። ሽፋንና ታይመር ተፎካካሪዎች ናቸው። ጥሩ ሽፋን ያለው ቦይለር የሚያመልጠው ጥቂት ስለሆነ ታይመር የሚቆጥብለት ብዙ የለም። ሽፋኑ ደካማ ለሆነው ታይመር ብዙ ይቆጥባል። ሁለቱንም የገዛ ሰው የሁለቱን ትርፍ ደምሮ አያገኝም። ሌላም አለ። አንድ ሰው በ40 ዲግሪ ውሃ 40 ሊትር ቢታጠብ 0.93 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ውሃን ቆጥቦ የሚያፈስስ የሻወር ራስ ተገጥሞ 40ው ወደ 30 ቢወርድ፣ አራት ሰዎች ባሉበት ቤት በቀን 0.93 ይቀንሳል። ይህ ታይመሩ በምርጥ ሁኔታው ከሚያስገኘው ይበልጣል። ቴርሞስታቱን ከ60 በጣም ዝቅ አድርጎ መቆጠብን ግን አልመክርም። ለብ ያለ የቆመ ውሃ ሳንባን የሚያጠቃው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ የተጠራቀመ ሙቅ ውሃ 60 ዲግሪ እንዲሆን የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ወደ ምጣድ ስመጣ ንግግሬን ቀስ አደርጋለሁ፤ የዛሬው ፍሬ ነገር እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ ሁሉ በኃይሉ ይበልጣል፤ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ነገር ግን ካውያና ፍሪጅ ያላቸው ቴርሞስታት በብዙው ምጣድ ውስጥ የለም። ሶኬት ይሰካል፣ ይግላል፣ ይነቀላል። ቴርሞስታቱ ጋጋሪዋ ናት። ምጣዱ መጋሉን ጠብ ባደረገችው ሊጥ ድምፅ ታውቃለች፣ ዐይኑ ሲወጣ ታያለች፣ ሲያርርባት ነቅላ ታሳድረዋለች። በዲግሪ ብትጠየቅ አትነግራችሁም፤ የምትሳሳተው ግን እምብዛም ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት የምትጋግር እናት በወር ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። ኃይሉ የት ይሄዳል? አንድ እንጀራ ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ሊጥ ነው እንበል፤ ሊጡን ማሞቅና የተወሰነውን ውሃ ማትነን 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ምጣዱ ግን አንዱን አውጥቶ ለሌላው እስኪዘጋጅ አራት ደቂቃ ቢፈጅ 0.23 ይበላል። ከግማሽ በላይ የሆነው በታችና በጎን ያመልጣል፣ በአክንባሎው በኩል ይወጣል። ከዚህ ላይ መጀመሪያ እስኪግል የሚፈጀው ይጨመራል፤ ወፍራም የሸክላ ሰሌዳ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ ይህ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ቴርሞስታት ቢገባ ምን ይሆናል? በጋገራው መካከል፣ ሊጥ በተከታታይ ሲፈስስ፣ ምጣዱ ሙቀቱን እያጣ ስለሆነ ኃይሉን ሁሉ ይፈልጋል፤ ቴርሞስታቱ የሚቆርጥበት ጊዜ አያገኝም። የሚጠቅመው በሁለት ቦታ ነው፦ ምጣዱ ግሎ ጋጋሪዋ ገና ሊጡን ስታዘጋጅ፣ እና እንግዳ መጥቶ ወይም ሕፃን አልቅሶ ሥራው ሲቋረጥ። በእያንዳንዱ ጋገራ 15 ደቂቃ በከንቱ የሚነድድ ከሆነ 0.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር ከ7 እስከ 8። ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ነው። ነገር ግን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደረውን ሴት አስቡ። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትጋግር ፍጆታዋ 728 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ አሥር በመቶ ማስቀረት 73 ያህል ነው፤ ይህም የአንዲት እናት የወር ጋገራ ፍጆታ ሁሉ ይበልጣል። ለእርሷ ታሪፍ ሲጨምር እንጀራው ይሳሳል ወይም ዋጋው ይወጣል፤ ሦስተኛ መንገድ የላትም። ከምጣዱ በታች የተሻለ የሙቀት መከላከያ፣ ሳሳ ያለ ግን የማይሰበር ሰሌዳ፣ እንፋሎት የማያባክን አክንባሎ፣ ከእነዚህ በኋላ ደግሞ ርካሽና ሙቀትን የሚችል ቴርሞስታት፤ ቅደም ተከተሉ ለእኔ ይህ ነው። ቴርሞስታቱን ፊት የሚያስቀምጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብልኝ መከላከያውን መጀመሪያ ለካችሁን እያልሁ የማስቸግራችሁም ለዚህ ነው።

ስለ ታሪፉ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን በሰዓት አይለይም፤ በመጠን ይለያል። በ2014ቱ ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ለአንዱ 0.2730 ብር ሲከፍል፣ ከ100 እስከ 200 ባለው ደረጃ ያለው 1.6250፣ ከ500 በላይ ያለው 2.4810 ይከፍል ነበር። በታችና በላይ መካከል ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት ነበር። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ስንት ያድንልኛል ለሚል ሰው አንድ መልስ የለም፤ ያው 24 ኪሎዋት ሰዓት በዚያ ታሪፍ ለአንዱ 6 ብር ተኩል፣ ለሌላው 60 ብር ነበር። ድሃው ለመቆጠብ የሚያበረታታው ዋጋ የለውም፣ በብዛትም የሚቆጥበው የለውም።

ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግቢውን እስክናይ ድረስ። በአንድ ቆጣሪ ሥር የግቢው ባለቤትና አራት ተከራዮች ካሉ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢጠቀሙም ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። ለብቻዋ ቢሆን ከታችኛው ደረጃ የማትወጣ ተከራይ በላይኛው ዋጋ ትከፍላለች። ሒሳቡም ብዙ ጊዜ የሚካፈለው በአምፖል ቁጥር ወይም በነፍስ ወከፍ ነው። በዚህ ዐይነት ግቢ ውስጥ አንዷ ተከራይ ታይመር ብትገጥም ትርፉ ለአምስት ተከፍሎ ይደርሳታል፣ ወጪው ግን የብቻዋ ነው። ቤቱን የሚሸፍነው፣ ኮርኒሱን የሚሠራው፣ ቦይለሩን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ። ይህን ችግር ምንም ያህል ብልህ የሆነ ቴርሞስታት አይፈታውም። ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ መግባቱ ከመሣሪያው ሁሉ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ታሪፉ በሰዓት አለመለየቱም ሌላ ውጤት አለው። በአገራችን ከፍተኛው የኃይል ፍላጎት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ያበራል፣ ሁሉም ያበስላል። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን ኃይል ከግድብ እስከ ሰፈር ትራንስፎርመር በሚደርስበት መንገድ ላይ የሚጠበው በዚያች ሰዓት ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ቦይለሮች ከምሽት ወደ እኩለ ሌሊት ቢዛወሩ ትራንስፎርመሩ ያርፋል፣ የሚቃጠለውም ይቀንሳል። የሚጠቀመው ግን ኔትወርኩ እንጂ ታይመሩን የገዛው ሰው አይደለም፤ ደረሰኙ ላይ ሳንቲም አይቀንስለትም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አንድ ቀን ሌሊቱን የሚያረክስ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ቢያወጣ የዛሬው ስሌቴ ሁሉ ይለወጣል፤ እኔም ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።

በመሐል የሚሸጡ ነገሮችን ሳላነሣ አላልፍም። ሶኬት ላይ ተሰክተው ሒሳብን በ30 ወይም በ50 በመቶ ይቀንሳሉ የሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። በአብዛኛው ውስጣቸው አንዲት ካፓሲተርና አንዲት አምፖል ነው። ካፓሲተር የፓወር ፋክተርን ሊያሻሽል ይችላል፤ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው የተበላውን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣድና ቦይለር ደግሞ ፓወር ፋክተራቸው ከመጀመሪያውም አንድ ነው። የሚሻሻል ነገር በሌለበት የሚያሻሽል ዕቃ ገዝተን ሳጥኗን ለማብራት ጭምር እንከፍላለን።

ይህን ሁሉ በቃሌ እንድታምኑኝ አልፈልግም። የ50 ዋቱን ቁጥር የወሰድሁት ለመካከለኛ ቦይለር ነው፤ የእናንተ 30 ወይም 90 ሊሆን ይችላል። መለካቱ ቀላል ነው። ማንም ሙቅ ውሃ በማይቀዳበት ምሽት ቦይለሩ ሞቆ ሲቆርጥ ጠብቁ፣ ከዚያ ከቦይለሩ በስተቀር ያሉትን ብሬከሮች ሁሉ አውርዱ፣ ቆጣሪውን ንባብ መዝግቡ። ፍሪጅ ካለ ባዶ የሆነበትን ቀን መምረጥ ነው። ጠዋት፣ ቦይለሩ እንደገና ሞቆ ከቆረጠ በኋላ፣ ዳግመኛ አንብቡ። ቆጣሪያችሁ ላይ የምትብለጨለጨው ትንሽ መብራት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ ንባቡ ሻካራ ከሆነባችሁ ይህችን ቁጠሩ። ልዩነቱን ለሰዓታቱ ብዛት ስታካፍሉት የቦይለራችሁን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ውጤታችሁን ከቦይለሩ ሊትርና ዕድሜ ጋር ይዛችሁ ብትመጡ፣ የሀዋሳ ቤቶችን የሚገልጽ የራሳችን ሰንጠረዥ ለመጀመር ይበቃናል።

 ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።